ወደ ገደሉ የትኛው መጽሐፍ ይሂድ? የዐለት መውጫ መመሪያዎች ዳሰሳ

በጁላይ 2015 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ ከሃፍ ዶም ግድግዳ ላይ ትልቅ የዐለት ገጽ ተገንጥሎ ወረደ። ከ1957 ጀምሮ ዐለት ወጪዎች ሲመላለሱበት የኖረው የሰሜን ምዕራብ መስመር ከወገቡ ተቆረጠ። በመጻሕፍቱ ውስጥ 11ኛና 12ኛ ክፍል ተብለው ከተሣሉት ቦታዎች ከፊሉ ከነበረበት ጠፋ። ያን ጊዜ በየመደብሩ ይሸጡ የነበሩት የዮሰሚቲ መመሪያዎች የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢዘጋጁ፣ ስለዚያ ግድግዳ የሚሉት ነገር ከዚያ በኋላ ትክክል አልነበረም።

ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው መጽሐፍ ሲመርጥ እንዲህ ያለው ነገር ብዙም አይታሰበውም። የሽፋኑን ፎቶ ያያል፣ ዋጋውን ያነጻጽራል፣ ስንት መስመር እንደያዘ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን ሰውን ከአደጋ የሚጠብቁት ሌሎች ናቸው። መጽሐፉ ለታሰበው ጉዞ ይስማማል ወይ? አደጋውን በግልጽ ይናገራል? መቼ ታተመ? የጻፈው ሰው ቦታውን ምን ያህል ያውቀዋል? ከሽያጩስ የሚጠቀመው ማን ነው? ይህ ዳሰሳ መመሪያዎቹን የሚመዝነው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከፊደል ተራ እስከ ፎቶ

እንግሊዛዊው ዋልተር ፓሪ ሃስኬት ስሚዝ በ1886 በሰሜን እንግሊዝ የሐይቆች አውራጃ ኔፕስ ኒድል የተባለውን ሹል ዐለት ብቻውን ወጣ። ዐለት መውጣት ከትልልቅ ተራሮች ልምምድነት ተላቆ ራሱን የቻለ ስፖርት ሆነ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ይህ ቀን ነው። ይኸው ሰው በ1894 የእንግሊዝን ዐለቶች በፊደል ተራ የደረደረ ትንሽ መመሪያ አሳተመ። በ1897 ደግሞ ኦወን ግሊን ጆንስ በዚያው በሐይቆች አውራጃ ያሉትን መስመሮች በአራት የክብደት ደረጃ ከፍሎ አቀረበ። ዛሬ ማንኛውም መመሪያ የሚሠራበት ልማድ፣ ማለትም አንድን መስመር ለማያውቀው ሰው አስቀድሞ መዝኖ መንገር፣ ሥር የሰደደው በእነዚህ መጻሕፍት ነው።

ለብዙ አሥርተ ዓመታት መመሪያ ማለት ጽሑፍ ነበር። ደራሲው «ከስንጥቁ በስተግራ ተነሥቶ ወደ ሰፊው እርከን» እያለ አንባቢውን በቃል ይመራዋል። በ1970ዎቹ በዮሰሚቲ ቶፖ የሚባለው የእጅ ንድፍ ተስፋፋ፤ ስንጥቁ፣ ጣሪያውና ማረፊያው በምልክት ተሥሎ በአንድ ገጽ ይጠቃለላል። አሁን ደግሞ በአብዛኞቹ መጻሕፍት ባለ ቀለም ፎቶ ላይ መስመሩ ይሰመራል።

ሦስቱም የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ከገደሉ ሥር ቆሞ የመስመሩን መነሻ ለሚፈልግ ሰው ከፎቶ የሚሻል የለም። መቶ ሜትር ከፍታ ላይ ደርሶ ግድግዳው ከፊቱ ሁለት ክንድ ብቻ ለሚታየው ሰው ግን ፎቶው ብዙም አይረዳውም፤ የሚጠቅመው ንድፉ ነው። ወደ ታች የሚወስደውን መንገድ በተመለከተ ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ በጥንቃቄ የተጻፈ አንቀጽ ይበልጣል። ስለዚህ መጽሐፍ ሲመረጥ ፈጥኖ መታየት ያለበት ስለ አወራረድ የተጻፈው ክፍል ነው። ስለ መውጣቱ ሦስት ገጽ ጽፎ ስለ መውረዱ በአንድ መስመር የሚያልፍ መመሪያ አንባቢውን ሲደክምና ሲመሽ፣ እገዛ በሚያስፈልገው ሰዓት፣ ብቻውን ይተወዋል።

ሁሉን የያዘ ወይስ የተመረጠ?

መመሪያዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ የአንድን አካባቢ መስመሮች ከትልቅ እስከ ትንሽ ይመዘግባሉ፤ ሌሎቹ ደራሲው ምርጥ ያላቸውን ብቻ ያቀርባሉ። ለአንድ ሳምንት የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሻለው ሁለተኛው ነው። ክብደቱም ዋጋውም ይቀንሳል፣ ጊዜም ይቆጥባል።

ምርጫ ግን መዘዝ አለው። ስቲቭ ሮፐርና አለን ስቴክ በ1979 ሃምሳ የሰሜን አሜሪካ መስመሮችን መርጠው ሲያሳትሙ መጽሐፉ እጅግ ተወደደ። በውስጡ የተጠቀሱት መስመሮች ብዙዎቹ በሰው ስለተጨናነቁ በወጪዎች ዘንድ መጽሐፉ «ሃምሳ የተጨናነቁ መስመሮች» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። በመመሪያ ለጥራቱ ኮከብ የተሰጠው መስመር ሥር ሰልፍ መጠበቅ ዛሬም የተለመደ ነው። ከላይ ያለው ቡድን ድንጋይ ቢጥል ከታች ተሰልፎ የሚጠብቀውን ስለሚያገኘው፣ ሰልፉ ከአሰልቺነቱ ሌላ አደጋም አለው። ቅዳሜና እሑድ ብቻ መውጣት የሚችል ሰው ከኮከቦቹ ውጪ ያሉትን መስመሮችም የሚያሳይ ወፍራም መጽሐፍ ቢይዝ ይጠቀማል።

ከፓሪስ ደቡብ ምሥራቅ ያለው የፎንቴንብሎ ጫካ ምርጫው ምን ያህል ጉዞውን እንደሚቀርጽ በግልጽ ያሳያል። እዚያ ሰው ያለ ገመድ፣ ከሥሩ ወፍራም ፍራሽ አንጥፎ ትልልቅ ድንጋዮችን ይወጣል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ድንጋዮቹ ላይ በቀለም ቁጥርና ቀስት እየተጻፈ ከቀላል እስከ ከባድ የሚያዞሩ ጉዞዎች ተዘጋጅተዋል። ባርት ቫን ራይ ያዘጋጀው «7+8» የተባለው መጽሐፍ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በ7ና በ8 ደረጃ ያሉትን ከባድ ድንጋዮች ብቻ ይዘረዝራል። ለጠንካራ ወጪ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ልጆቹን ይዞ የሚሄድ አባት ወይም ገና ጀማሪ የሆነች ወጣት ግን ያንን መጽሐፍ ብትገዛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ የምትወጣው ነገር አታገኝም፤ ለእሷ የሚሆነው ባለ ቀለሞቹን ጉዞዎች የሚያሳየው ነው።

ቁጥሩ የሚለውና የማይለው

ደረጃ አሰጣጥ ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካውያን ከ5.0 እስከ 5.15 ይቆጥራሉ፤ ፈረንሳዮች 6ኤ፣ 7ቢ ይላሉ፤ የአውስትራሊያው ዘዴ ከ1 ጀምሮ ተራ ቁጥር ነው። ፈረንሳዮች 6ኤ ያሉት በአሜሪካ ወደ 5.10ኤ ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ በየመጽሐፉ መግቢያ ስለሚገኝ አያስቸግርም። ችግሩ ያለው አንዱ ቁጥር በተለያየ ቦታ የተለያየ ክብደት ሲኖረው ነው።

የአሜሪካው ዘዴ የአሁኑን መልኩን የያዘው በ1950ዎቹ ደቡብ ካሊፎርኒያ ታክዊትዝ በተባለ ገደል ላይ ነው። ያን ጊዜ 5.9 የመጨረሻው ከባድ ደረጃ ተደርጎ ታሰበ። ሮያል ሮቢንስ በ1952 በነፃ (ገመዱ ለመውደቅ መከላከያ ብቻ ሆኖ፣ በእጁና በእግሩ) የወጣው ኦፕን ቡክ የተባለው መስመር የዚያ ደረጃ የመጀመሪያ ምሳሌ ሆነ። በኋላ ወጪዎች ሲበረቱ 5.10፣ 5.11 እየተባለ ቀጠለ፤ በጥንት ዘመን 5.9 የተባሉት መስመሮች ግን ብዙዎቹ ቁጥራቸው አልተነካም። በዚህ ምክንያት በድሮ ገደል ላይ ያለ 5.9፣ ከአዲስ ገደል 5.10 ሊበልጥ ይችላል። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን የጥቂት ሰዓት መንገድ የሆነው የዌስት ቨርጂኒያው ሴኔካ ሮክስ በዚህ የታወቀ ነው። ሰው ሠራሽ ግድግዳ ባለው ጂም ውስጥ 5.10 የለመደ ሰው እዚያ 5.7 ላይ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የግሪኳ ካሊምኖስ ደሴት በተቃራኒው ለጋስ ናት ይባላል። ጥሩ መጽሐፍ ይህን በመግቢያው በግልጽ ይናገራል። ካልተናገረም በመጀመሪያው ቀን ከለመዱት ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ መጀመር ይበጃል።

ከክብደቱ በላይ ደግሞ አደጋው አለ። የፈረንሳዩ ቁጥር መስመሩ ምን ያህል እንደሚከብድ እንጂ የወደቀ ሰው ምን እንደሚያጋጥመው አይናገርም። የብሪታንያው ዘዴ ሁለት ደረጃ ይሰጣል፤ አንዱ የመስመሩን አጠቃላይ ክብደትና አስጊነት፣ ሌላው ከባዱን እንቅስቃሴ ያመለክታል። አሜሪካውያን ከፊልም ደረጃ አሰጣጥ የወሰዷቸውን «አር» እና «ኤክስ» የተባሉ ፊደላት ይጨምራሉ። «አር» መውደቅ ለከባድ ጉዳት ሊዳርግ እንደሚችል፣ «ኤክስ» ደግሞ ሞት ሊያመጣ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ስለዚህ ሁለት መጻሕፍት አንድን ገደል ካቀረቡ፣ አንዱ እነዚህን ምልክቶች ቢተው ሌላው ቢያስቀምጥ፣ ያስቀመጠው ይመረጣል።

አንድ ገጽ በቅርበት

የካሊምኖስን መመሪያ የሚመስል መጽሐፍ ገልጦ አንዱን መስመር ማንበብ ይቻላል። በፎቶው ላይ ቀጭን መስመር ከእግረኛ መንገዱ ተነሥቶ ወደ ዋሻው አፍ ይወጣል። ከጎኑ ስም፣ ደረጃ፣ ሁለት ኮከብ፣ «35 ሜትር» እና «14» የሚሉ ቁጥሮች አሉ። 14 በዐለቱ ውስጥ የተቀበሩ ብሎኖች ቁጥር ነው። ወጪው ገመዱን ከእነሱ ጋር የሚያያይዝበትን ዕቃ ምን ያህል ይዞ እንደሚሄድ ከዚያ ያውቃል፤ ለጫፉ ሁለት ቢጨምር ይሻለዋል።

ከሁሉም የበለጠ ትኩረት የሚሻው ግን 35 ሜትር የሚለው ነው። ወጪው ጫፍ ላይ ደርሶ ገመዱን በቀለበቱ ውስጥ ካሳለፈ በኋላ ጓደኛው ከታች ሆኖ ያወርደዋል፤ ገመዱ ወጥቶ ስለሚመለስ የከፍታው እጥፍ፣ 70 ሜትር፣ ያስፈልጋል። በሻንጣው ያለው የተለመደው 60 ሜትር ገመድ ከሆነ፣ ወጪው ገና 10 ሜትር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ የገመዱ ጫፍ ከያዡ እጅ ያመልጣል። በዚህ መንገድ የተጎዱና የሞቱ ወጪዎች በተለያዩ አገሮች አሉ። መከላከያው በገመዱ ጫፍ ላይ ቋጠሮ ማሰር ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የከፍታው ቁጥር በመጽሐፉ ውስጥ መኖር አለበት። በካሊምኖስ ከ30 ሜትር የሚያልፉ መስመሮች ስለበዙ 70 ወይም 80 ሜትር ገመድ መያዝ ይመከራል። ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት መጽሐፉ መነበብ ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የእትሙ ዕድሜ

ዐለት ቋሚ ይመስላል፤ መጽሐፍ እንደታተመ ማርጀት የሚጀምረው ግን ዐለቱም በዐለቱ ላይ ያለውም ነገር ስለሚለወጥ ነው። በሴኔካ ሮክስ ሁለቱ ጫፎች መካከል ቆሞ የነበረው ዠንዳርም የተባለ ዓምድ በኦክቶበር 22 ቀን 1987 ወደቀ። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ የያዘ ሰው ዛሬ የሌለ ዓምድ ይፈልጋል።

ብረቱም ያረጃል። በታይላንድ ራይሌይና ቶንሳይ የባሕር ዳርቻዎች ላይ የተተከሉ የማይዝግ ብረት ብሎኖች ከውጭ ደህና እየመሰሉ ከውስጥ እየተሰነጠቁ በሰው ክብደት ብቻ እስከመሰበር ደረሱ። ጨዋማው አየርና የኖራ ዐለቱ ማዕድን ተባብረው ብረቱን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያደክሙታል። በጎ ፈቃደኞች በሙጫ በሚጣበቁ የታይታኒየም ብሎኖች መተካት የጀመሩት በዚህ የተነሣ ነው። አሮጌ እትም የትኛው መስመር እንደታደሰ ሊያውቅ አይችልም። ለሞቃት ባሕር ዳርቻ የሚገዛ መጽሐፍ ከሁሉ በፊት የታተመበት ዓመትና ስለ ብሎኖቹ ዓይነት የሚለው ነገር ይታይ።

ሕግም ይለወጣል። በቴክሳስ ኤል ፓሶ አጠገብ ያለው ዌኮ ታንክስ በጥንታዊ የዐለት ሥዕሎቹ የተነሣ ከ1998 ጀምሮ ጥብቅ ደንብ አለው። የሚገባው ሰው ቁጥር ተወስኗል፤ አብዛኛው ክፍልም ያለ አስጎብኚ አይገባበትም። ጆን ሸርማን በ1991 ስለዚህ ቦታ ያሳተመው መመሪያ ዛሬ ለትልልቅ ድንጋዮች በዓለም የሚሠራበትን የ«ቪ» ደረጃ ያስተዋወቀ ታላቅ መጽሐፍ ነው። በመደርደሪያ ላይ ክብር ይገባዋል፤ ለመግቢያ ደንብ ግን የሚታመን ምንጭ አይሆንም።

መሬቱ የማን ነው?

ዋዮሚንግ ውስጥ ያለው ዴቪልስ ታወር ለበርካታ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቅዱስ ቦታ ነው። ከ1995 ጀምሮ የፓርኩ አስተዳደር በየዓመቱ በጁን ወር፣ ሥርዓታቸውን በሚፈጽሙበት ወቅት፣ ወጪዎች በፈቃዳቸው እንዲታቀቡ ይጠይቃል። ክልከላ ስላልሆነ ሁሉም ነገር በወጪው ሕሊና ላይ ይወድቃል፤ ወጪው ግን ካልሰማ እንዴት ያከብራል? ይህን ጥያቄ በፊት ገጹ የሚያቀርብ መመሪያና ጨርሶ የማያነሣው መመሪያ እኩል አይደሉም፣ የመስመር ዝርዝራቸው አንድ ቢሆንም። በዮሰሚቲም እንዲሁ የገደል ጭልፊቶች በሚፈለፍሉበት ጊዜ፣ ከማርች እስከ ጁላይ አጋማሽ፣ የተወሰኑ ግድግዳዎች ይዘጋሉ።

የገንዘቡ ጉዳይም አለ። በብዙ የፈረንሳይ አካባቢዎች የቶፖው ሽያጭ ለአዲስ ብሎንና ለጥገና ይውላል። መጽሐፉን ያሳተመው ክበብ ራሱ መሰርሰሪያ ይዞ ገደሉ ላይ የሚውለው ነው። በእነዚህ ቦታዎች የውጭ አሳታሚ የሚያወጣውን ያማረ ምርጥ መጽሐፍ ብቻ ገዝቶ መሄድ በሌሎች ልፋት ተጠቅሞ ሳይከፍሉ እንደመመለስ ነው። ካሊምኖስ መልካም ምሳሌ ትሆናለች። ጣሊያናዊው አንድሬያ ዲ ባሪ በ1996 ዐለቷን ለወጪዎች ካስተዋወቀ ወዲህ በስፖንጅ ጠላቂዎቿ ትታወቅ የነበረችው ደሴት በዓለም ከታወቁ የመውጫ ቦታዎች አንዷ ሆናለች። መመሪያዋን ያዘጋጀው አሪስ ቴዎዶሮፑሎስ በርካታ መስመሮችን በገዛ እጁ ያዘጋጀ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ደራሲ ስለ አንድ ብሎን ሲናገር ያየውንና የተከለውን ነው የሚናገረው።

ወረቀትና ስልክ

በአሜሪካ ማውንቴን ፕሮጀክት የተባለው ድረ ገጽ፣ በብሪታንያ የሮክፋክስ መተግበሪያ፣ ከአውስትራሊያ የተነሣው ዘ ክራግ ድረ ገጽ የወረቀቱን መጽሐፍ ተፎካክረዋል። ትልቁ ጥቅማቸው ወቅታዊነታቸው ነው፤ ትናንት የላላ ብሎን ዛሬ ማስጠንቀቂያ ሊጻፍበት ይችላል። በብዙ ሰው አስተያየት የሚወሰነው ደረጃም ከአንድ ደራሲ ግምት የተሻለ ሚዛን የሚይዝበት ጊዜ አለ። ድክመታቸው ደግሞ ከዚያው ይመነጫል። ማንም ስለሚጽፍ፣ መስመሩን በትክክል ያልለየ ሰው የሰጠው መረጃ ከጠንቃቃው ጎን እኩል ይቀመጣል። አንድ አዘጋጅ ገደሉን ዞሮ፣ ለክቶና አወዳድሮ የሚያወጣውን መጽሐፍ ወጥነት ለማግኘትም ይቸገራሉ።

ሁለቱን ማጣመር ይሻላል። ወረቀቱ ለአጠቃላይ ዕውቀት፣ ለመግቢያ መንገድና ለአወራረድ፤ ስልኩ ላለፉት ጥቂት ወራት ለውጦች። መረጃው ከቤት ወጥተው ሳይሄዱ ወደ ስልክ ይውረድ፤ ገደል ሥር ኔትወርክ ላይኖር ይችላል፣ ብርድም ባትሪ ይጨርሳል። ረጅም ግድግዳ ለሚወጡ ደግሞ የገጹን ፎቶ ኮፒ በኪስ መያዝ የቆየና ዛሬም የሚሠራ ዘዴ ነው።

መጽሐፍ ያልጠገቡ ማማዎች

በኢትዮጵያ የዐለት ወጪዎችን ዓይን ከሁሉ በላይ የሳበው የትግራይ ገርዓልታ ነው። ከሐውዜን አጠገብ የሚነሡት ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ማማዎች እንደ እንግሊዛዊው ፓት ሊትልጆን ያሉ አንጋፋ ወጪዎችን ጠርተዋል። አሜሪካዊቷ ማይካ ቡርሃርትም በ2008 ስለ ጉዞዋ በፎቶ ያሸበረቀ መጽሐፍ አሳትማለች። ይሁንና መጽሐፉ በዋናነት ትረካ ነው፤ እያንዳንዱን መስመር በቁጥርና በንድፍ የሚያስይዝ እንደ ካሊምኖሱ ያለ መመሪያ አይደለም። ለመስመር መረጃ ፈላጊው እንደ አሜሪካን አልፓይን ጆርናል ባሉ ዓመታዊ መዝገቦች ውስጥ የተበተኑ ዘገባዎችን መልቀም አለበት።

ዕውቀቱ ግን ከሁሉም በፊት እዚያው ነበር። ወደ አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ምእመናን በዘመናት መረገጥ በተቦረቦሩ የእጅና የእግር ማሳረፊያዎች በባዶ እግራቸው ይወጣሉ። የአካባቢው ሰዎች ለእንግዳው ግራ እግሩን የት፣ ቀኝ እጁን የት እንደሚያሳርፍ አንድ በአንድ ይነግሩታል። ደብረ ዳሞ በጠፍር ገመድ እየተሳቡ የሚወጣበት ገዳም ነው፤ ወደ ላይ የሚወጡትም ወንዶች ብቻ ናቸው። እነዚህ መንገዶች ሥርዓት እንጂ ስፖርት አይደሉም፤ ወደፊት ስለ አካባቢው የሚጻፍ መመሪያ ይህን ልዩነት ማስመር ይጠበቅበታል።

ከ2020 እስከ 2022 የነበረው ጦርነት የትግራይን ሕዝብ ክፉኛ ከጎዳ በኋላ፣ ወደዚያ የሚሄድ ወጪ ከመስመር በፊት የጸጥታውን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ማጣራት አለበት። የተሟላ መመሪያ የሚዘጋጅበት ቀን ከመጣም የሚያስፈልገው ይዘት ከወዲሁ ይታወቃል። የአሸዋ ድንጋይ ውኃ ሲጠጣ ስለሚዳከም፣ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ዐለቱ እስኪደርቅ መጠበቅ እንደሚገባ ይጻፍ። የትኛው ማማ የቤተ ክርስቲያን እንደሆነ፣ በየትኛው በዓል ማንም መውጣት እንደሌለበት፣ ፈቃድ ከየትኛው ደብርና ከየትኛው ቀበሌ እንደሚጠየቅ ይመዝገብ። የሚሰባበረው ዐለት የት እንደሚጀምርና ተጎጂ ቢኖር በየትኛው መንገድ ወደ ሐውዜንና ወደ መቐለ እንደሚወሰድ በካርታ ይሣል። ከአዘጋጆቹ መካከልም እነዚያን ማማዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ የገርዓልታ ልጆች ይኑሩበት፤ የሽያጩም ገቢ ለእነሱም ይድረስ።